የታምፓ የባሕር ሣር
(በምሩቃን መገናኛ ምሽት የተደረገ ንግግር)



«ባሕር ከሌለው አገር ወጥተህ ምን ልታደርግ ባሕር ገባህ?» ብሎ ያልቀለደብኝ የክፍል ጓደኛ የለም። እኔ እኮ ባሕር የገባሁት በፍሳሽ በኩል ነው። ፍሎሪዳ፣ ታምፓ ውስጥ በፍሳሽ ማጣሪያ ላቦራቶሪ ናይትሮጅን እለካለሁ። አንዳንድ ቅዳሜ ደግሞ ከበጎ ፈቃደኞች ጋር ውሃ ውስጥ ገብቼ የባሕር ሣር እቆጥራለሁ።

ይህ ሣር የዓሣና የሸርጣን መዋለ ሕፃናት ነው በሉት። በ1970ዎቹ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ከተማዋ በቅጡ ያልተጣራ ፍሳሽ ወደ ባሕረ ሰላጤው ትለቅ ነበር። ናይትሮጅኑ አልጌ ያበቅላል፣ አልጌው ውሃውን ያደፈርሳል፣ ብርሃን ያጣው ሣር ይሞታል። በ1980 ገደማ የተሻለ ማጣሪያ ተሠራ። ውሃው እየጠራ ሄደና በ1982 ከ22 ሺህ ኤከር በታች የነበረው ሣር በ2016 ከ41 ሺህ አለፈ። አብዛኛውን ማንም አልተከለውም፤ ራሱ ነው የተመለሰው።

የአየር ንብረቱ ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ውሃ ሲሞቅ ሣሩ አብዝቶ ይተነፍሳል፤ ያንን ለማካካስ ተጨማሪ ብርሃን ይሻል። የባሕር ወለል ከፍ ሲል ደግሞ የብርሃኑ መንገድ ይረዝማል። ታምፓ የዓለምን ሙቀት ብቻዋን አትቀንስም፤ የውሃዋ ጥራት ግን በእጇ ነው። ጎረቤታችን ፒነለስ ካውንቲ ከጁን 1 እስከ ሴፕቴምበር 30፣ በዝናቡ ወራት፣ ናይትሮጅን ያለው ማዳበሪያ በግቢ ሣር ላይ መጨመር ከልክሏል። እኔም ቤቴ ይህንኑ አደርጋለሁ። ባለቤቴ ሣራችን ቢጫ ሆነ እያለች እስከ ዛሬ ትነዘንዘኛለች።

ተሳካልን ብዬ ግን አላወራም። በ2021 ፓይኒ ፖይንት ከተባለ የተዘጋ የፎስፌት ፋብሪካ ገንዳ ከ800 ሚሊዮን ሊትር በላይ ናይትሮጅን የበዛበት ውሃ ተለቀቀ። በ2022 ሣሩ ወደ 30 ሺህ ኤከር ወርዶ ተገኘ። መቀነሱ የጀመረው ከዚያ በፊት ስለሆነ ገንዳውን ብቻ መክሰስ አይቻልም። ስምንት ዓመት የቆጠርኩበት ቦታ አሸዋ ብቻ ሆኖ ሳየው ግን፣ ምን ልበላችሁ፣ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ቀረሁ።

መምህራን፣ የባሕር ትምህርት ክፍል ክፈቱ አልላችሁም። ተማሪዎቻችሁ በአቅራቢያችን ካለው ወንዝ በየወሩ ናይትሬትና ፎስፌት ይለኩ፤ ቁጥሩም አንድ መዝገብ ላይ ይስፈር። ታምፓም ከ1970ዎቹ ጀምሮ የውሃ መዝገብ ባትይዝ ኖሮ ውሃው መቼ እንደጠራ ማን ያውቅ ነበር? መለኪያውን እዚያ ያለን ምሩቃን አዋጥተን እንልካለን። የስም መመዝገቢያው ወረቀት በሩ አጠገብ ነው፤ እራት ሳይቀርብ ፈርሙልኝ።