ከንብረት ግብር ነፃ መሆን

ዛሬ የምንነጋገረው ከንብረት ግብር ነፃ ስለመሆን ነው። በአሜሪካ ብዙ ሆስፒታሎች ለትርፍ የቆሙ አይደሉም። ስለዚህም አብዛኛውን ጊዜ ለመሬታቸውና ለሕንፃቸው የንብረት ግብር አይከፍሉም። ይህ ግብር ግን የአካባቢው ትምህርት ቤት ከሚተዳደርባቸው ዋና ገንዘቦች አንዱ ነው። ታዲያ ለምን ይቀርላቸዋል?

እስቲ እድርን አስቡ። አንድ አባል ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ያመላልሳል እንበል። እድርተኛውም ወርሃዊ መዋጮው ይቅርለት ይላል። ጉልበቱ መዋጮው ነዋ! ለቅሶ በደረሰ ቁጥር ከቀረ ግን ዝም አይባልም። «መዋጮው የቀረልህ ለምን ነበር?» ተብሎ ይጠየቃል።

ከንብረት ግብር ነፃ መሆንም እንዲሁ ነው። በኢሊኖይ ግዛት፣ በኧርባና ከተማ፣ ፕሮቪና ኮቨናንት የተባለ ሆስፒታል ይህ ጥያቄ ቀረበበት። በነፃ ወይም በቅናሽ ያከማቸው ችግረኞች ከታካሚው ብዛት አንጻር እጅግ ጥቂት ነበሩ። ጉዳዩ እስከ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ2010 ሆስፒታሉ ከንብረት ግብር ነፃ መሆን አይገባውም አለ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2012 በግዛቱ አዲስ ሕግ ወጣ። ሆስፒታሎቹ የሚሰጡት የበጎ አድራጎት አገልግሎት ቢያንስ የሚቀርላቸውን ግብር ያህል ይሁን የሚል ነው። ተገቢ ሕግ ነው! ድሃውን ያላከመ ሆስፒታል ግብሩን ይክፈል።

እንግዲህ አሜሪካ ያላችሁ ወገኖቻችን፣ ለትርፍ ያልቆመ ሆስፒታል ከአቅማችሁ በላይ ሂሳብ ከላከላችሁ፣ የክፍያ እርዳታ ደንቡን በጽሑፍ ጠይቁ። ደንቡን የማዘጋጀት ግዴታ የጣለበት የፌዴራሉ ሕግ ነውና፣ ሳታፍሩ ጠይቁ።