የቦሌ መስታወትና የሲሚንቶ ሒሳብ

ስለ አካባቢ ተስማሚ ሕንፃ ሲነሣ ብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታየን ጣሪያ ላይ የተገጠመ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ነው። እኔ ዛሬ የምናገረው ስለ አርማታው ነው።

ቅዝቃዜ በሚበረታበት አውሮፓም ሆነ ሙቀት በሚያነደው ዱባይ ሕንፃ ሰው ከገባበት በኋላ ዓመት እስከ ዓመት ሲያሞቁት ወይም ሲያቀዘቅዙት ይኖራሉ። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች በደንብ የታቀደ ቤት ማሞቂያም ማቀዝቀዣም እምብዛም አይሻም። መብራታችንም በአብዛኛው ከውኃ ኃይል የሚመነጭ ነው። ስለዚህ የኛ ሕንፃ ጉዳት የሚበዛው ቁልፉ ለተከራይ ከመሰጠቱ በፊት፣ በሲሚንቶው፣ በፌሮው፣ በአሉሚኒየሙና በመስታወቱ ነው።

ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይ ከሌሎች ማዕድናት ጋር እስከ 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ተቃጥሎ ነው። ከዚያ ከሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከግማሽ የሚበልጠው ከነዳጁ ሳይሆን ከድንጋዩ ከራሱ ነው፤ የድንጋይ ከሰሉን ዛሬውኑ በሌላ ብንተካው እንኳ ይህ አይቀርም። የሚያዋጣው ከዚህ ቃጠሎ የሚወጣውንና ክሊንከር የሚባለውን ውጤት በሲሚንቶው ውስጥ መቀነስ ነው። እዚህ ላይ ስምጥ ሸለቆ ባለውለታችን ነው፤ ፑሚስ የተባለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተፈጭቶ ሲቀላቀል የክሊንከሩን ቦታ በከፊል ይይዛል። ገበያ ላይ ፒፒሲ የምንለው እንዲህ ያለውን ሲሚንቶ ነው። ቶሎ አይጠነክርም የሚለው ቅሬታ እውነት ነው፤ ካሳፎርማውን ጥቂት ቀን ማቆየት ይጠይቃል። ለልስን ሳይቀር ክሊንከር የሚበዛበት ኦፒሲ ካልሆነ ብሎ የሚሟገት ባለቤት ግን ገንዘቡንም አየሩንም ያባክናል።

ሲሚንቶ የሚቆጠበው በዓይነቱ ብቻ ሳይሆን በአሠራሩም ነው፤ በ1996 ዓ.ም. ገደማ በጀርመኑ የቴክኒክ ትብብር ድርጅት በጂቲዜድ ድጋፍ ቦሌ ገርጂ ላይ የተጀመረውን የሙከራ ኮንዶሚኒየም አስታውሱ። ቀድመው በተዘጋጁ ቢሞች መካከል ብሎኬት ተደርድሮ፣ ላዩ ላይ ስስ አርማታ ብቻ የሚፈስበት ሶሌታ ነበረው፤ አርማታም፣ ካሳፎርማም፣ አጣናም ይቆጥባል። ሰው ኮንዶሚኒየምን በጥበቱና በልስኑ ያማዋል፤ እኔም አማዋለሁ። በአርማታ አጠቃቀሙ ግን ዛሬ በሰሚትና በአያት በኩል ከሚቆሙት ብዙ ቪላዎች የተሻለ አስተዋይ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ወደ መስታወቱ ልምጣ። የቦሌ መንገድ ከመስቀል አደባባይ ወደ አየር ማረፊያው ሲወርድ አቅጣጫው ደቡብ ምሥራቅ ነው። ስለዚህ ፊታቸውን ለመንገዱ የሰጡት ሕንፃዎች ከአንዱ ወገን የጠዋቱን፣ ከሌላው ወገን የዘጠኝ ሰዓቱን ፀሐይ ይቀበላሉ። ይህ ዝቅ ብሎ የሚመጣ ፀሐይ ስለሆነ አግድም በወጣ ጥላ አይመከትም፤ ቁም ጥላ ወይም ጠበብ ያለ መስኮት ይፈልጋል። እኛ ግን ከውጭ በዶላር የገባ መስታወት ከላይ እስከ ታች እናለብሰዋለን፤ ከዚያ ቢሮው ሲግል ኤሲ እንገዛለን። ተፈጥሮ በነፃ የሰጠችንን አየር በገንዘባችን አበላሽተን፣ በገንዘባችን መልሰን እንሸምተዋለን!

ጭቃስ? ልደታ በሚገኘው የኪነ ሕንፃ ተቋም ግቢ ከዙሪኩ ኢቲኤች ዩኒቨርሲቲ ጋር በ2003 ዓ.ም. ገደማ የተሠራው ባለ አንድ ፎቅ የአፈር ቤት ለዝቅተኛ ሕንፃ መንገድ አሳይቷል። ሃያ ፎቅ በጭቃ ይቁም የሚል የለም፤ በከተማው ዳር ለሚሠሩ መኖሪያዎች ግን ለምን ተረሳ?

ስለ ማፍረስ አንድ ነገር ልበል። ከፈረሰ ሕንፃ ፌሮውን፣ በሩንና ቆርቆሮውን ለቅሞ ለዳግም አገልግሎት የሚያበቃው ቆራሌው ነው፤ ነገሩ ከኛ ከግንባታ ባለሙያዎቹ ቀድሞ ገብቶታል። የፈሰሰው አርማታ ግን በገልባጭ መኪና ተጭኖ ይደፋል። አጥንቱ ጤነኛ የሆነ ሕንፃ ፊቱ አረጀ ተብሎ ባይፈርስ እመርጣለሁ።

የማቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። የግንባታ ፈቃድ ሲጠየቅ ሕንፃው በካሬ ሜትር ስንት ኩንታል ሲሚንቶና ስንት ኪሎ ፌሮ እንደሚወስድ የምትገልጽ አንዲት መስመር ትጨመር፤ ቁጥሩም ለሕዝብ ይታይ። ለጨረታ የሥራ ዝርዝር ስናዘጋጅ ሁሉንም ስለምናሰላው፣ አዲስ ጥናት አያስፈልገውም።