የእርሻ ማሳና የተቀበረ ቅርስ፦ በእንግሊዝ አገር ባለመሬቶች የሚያካሂዱት የፍለጋ ቀን



የዛሬው ንግግሬ ርእስ ለጊዜው ከሙያችን የራቀ ሊመስል ይችላል። ጉዳዩ በእንግሊዝ አገር ባለመሬት ገበሬዎች አዝመራቸውን ከሰበሰቡ በኋላ ማሳቸውን ለአንድ ቀን ከፍተው፣ ብረት መፈለጊያ መሣሪያ ይዘው ለሚመጡ ሰዎች በክፍያ የሚያስፈትሹበት ልማድ ነው። ይሁን እንጂ አንድ አገር በመሬት ውስጥ የተቀበረ ታሪኩን በማን እጅ እንደተወ የሚያሳይ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ በቀላሉ አይገኝም። የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ አሳስባለሁ።

መሣሪያው በጦርነት ጊዜ የተቀበረ ፈንጂ ለማሰስ ሲያገለግል የኖረ ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት ዋጋው ቀንሶ በተራው ሰው እጅ ሲገባ በእንግሊዝ አገር የትርፍ ጊዜ መዝናኛ ሆነ። የአርኬኦሎጂ ሊቃውንት በ1980 ብርቱ የተቃውሞ ዘመቻ ቢከፍቱበትም ሊያስቀሩት አልቻሉም። ዛሬ ልማዱ የራሱ ሥርዓት አለው። አንድ የፈላጊዎች ክበብ ወይም አዘጋጅ ከባለመሬቱ ጋር ይዋዋላል። ማሳው ከአጨዳ በኋላ አዲስ ዘር እስኪዘራበት ድረስ ባዶ ስለሚሆን ቀኑ በአብዛኛው በዚያ ወራት ይቈረጣል። እያንዳንዱ ፈላጊ የመግቢያ ዋጋ ይከፍላል፤ ባለመሬቱም ከዚሁ ድርሻውን ይቀበላል። ከእርሱ የሚጠበቀው መኪና ማቆሚያ ማዘጋጀት፣ ከብቶቹን ማራቅና የተፈቀደውን ማሳ ለይቶ ማሳየት ነው። እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች ወዲህ በመሬት ስፋት ይታሰብ የነበረው የእርሻ ድጎማ ከ2021 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ስለተቀነሰ፣ ገበሬው ሌላ የገቢ ምንጭ ቢፈልግ የሚያስነቅፈው አይደለም።

ጥያቄው ገበሬው ገንዘብ ማግኘቱ ሳይሆን የሚሸጠው ምን እንደሆነ ማወቁ ነው።

ሕጉ ለባለመሬቱ የሰጠው ሥልጣን ሰፊ ነው። በ1979 የወጣው ሕግ በተከለሉ ጥንታዊ ሥፍራዎች ላይ ያለ ፈቃድ በመሣሪያው መጠቀምን ወንጀል አድርጎታል። ከዚያ ውጭ ባለው መሬት ግን በመሠረቱ የሚያስፈልገው የባለመሬቱ ፈቃድ ነው። የይግባኝ ፍርድ ቤትም በ1995 በሰጠው ውሳኔ፣ በመሬት ውስጥ የተገኘ ዕቃ ከአግኚው ይልቅ ለባለመሬቱ እንደሚገባ አጽንቷል። በ1996 የወጣውና በማግሥቱ ዓመት ሥራ ላይ የዋለው የተቀበረ ሀብት ሕግ ደግሞ፣ ቢያንስ 300 ዓመት የሆነውና ከክብደቱ ቢያንስ አንድ አሥረኛው ወርቅ ወይም ብር የሆነ ዕቃ ሲገኝ፣ በ14 ቀን ውስጥ ኮሮነር ለሚባለው መርማሪ ሹም እንዲነገር ያዛል። ቤተ መዘክር ዕቃውን ከፈለገው የገበያ ዋጋው ተገምቶ ይከፈላል፤ ገንዘቡም እንደ ልማዱ ለአግኚውና ለባለመሬቱ እኩል ይካፈላል። ግዴታውን ያልፈጸመ ሰው ድርሻው ሊቀነስበት ወይም ጨርሶ ሊቀርበት ይችላል። ከዚህ ጎን በ1997 የተጀመረውና በብሪቲሽ ሙዚየም የሚመራው የፈቃደኝነት ምዝገባ እስካሁን ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ዕቃዎችን መዝግቧል።

ይህ ሥርዓት በተግባር ምን እንደሚመስል በአራት ምሳሌዎች ላሳያችሁ።

በኅዳር ወር 1992 በሰፎክ ክፍለ ሀገር፣ ሆክስን በተባለ መንደር፣ አንድ መሬት ተከራይ ገበሬ መዶሻው ጠፍቶበት ወዳጁን በመሣሪያ እንዲፈልግለት ይለምነዋል። ወዳጁ ያገኘው የወርቅና የብር ክምችት ነበር። ትልቁ ቁም ነገር ግን ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው። ቍፋሮውን አቁሞ ለባለሥልጣን አስታወቀ። ባለሙያዎች ደርሰው በሥርዓት ስለቈፈሩት፣ ወደ 15,000 የሚጠጋው የሮማውያን ሳንቲም ብቻ ሳይሆን ዕቃው ታሽጎበት የነበረው ሣጥን አቀማመጥ ጭምር ታወቀ። ግምቱ 1.75 ሚሊዮን ፓውንድ ሆነ። የተፈለገውም መዶሻ ተገኝቶ በብሪቲሽ ሙዚየም ተቀምጧል።

ሁለተኛው ምሳሌ በቀጥታ የፍለጋ ቀንን የሚመለከት ነው። በታኅሣሥ 1914 ሳይሆን በቅርቡ ዘመን፣ በዲሴምበር 2014፣ በበኪንግሃምሽር ክፍለ ሀገር ሌንቦሮ በተባለ ሥፍራ አንድ ክበብ ባዘጋጀው ቀን ከ5,200 የሚበልጡ የብር ሳንቲሞች በእርሳስ ተጠቅልለው ተገኙ። መዝጋቢ ባለሙያ በቦታው በመኖሩ ክምችቱ ሳይበታተን ተመዝግቦ ለቤተ መዘክር በቃ። ሆኖም ቍፋሮው በዚያው ቀን መጠናቀቁ ከሊቃውንት ወቀሳ አስከትሏል። ክምችት ለማውጣት ጊዜ ያስፈልጋል፤ ሰው የተሰበሰበበት የአንድ ቀን ዝግጅት ግን ጊዜ አይሰጥም።

ሦስተኛው የሕጉን ቀዳዳ ያሳያል። በ2010 በካምብሪያ ክፍለ ሀገር ክሮስቢ ጋሬት በተባለ መንደር አጠገብ የአንድ ሮማዊ ፈረሰኛ የክብር ቍር ከፊት መሸፈኛው ጋር ተገኘ። ከነሐስ የተሠራና አንድ ብቻ በመሆኑ በሕጉ ትርጉም አልተካተተም። በዚያው ዓመት በጨረታ በ2.3 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ተሸጦ ወደ ግል እጅ ገባ፤ የካርላይል ከተማ ቤተ መዘክር ሊገዛው ቢጥርም አቅሙ አልፈቀደለትም። ሕጉ ተሻሽሎ ከ200 ዓመት በላይ የሆናቸውንና ለታሪክ የላቀ ትርጉም ያላቸውን የብረታ ብረት ዕቃዎች የጨመረው በ2023 ነው።

አራተኛው ከሁሉም የከፋው ነው። በ2015 በሌምስተር ከተማ አጠገብ ሁለት ሰዎች ወደ 300 የሚገመቱ ሳንቲሞችና የወርቅ ጌጣጌጥ አግኝተው ለባለመሬቱም ለሕግም ሳይናገሩ ሸሸጉ። ክሱ በ2019 ፍርድ ሲያገኝ ሁለቱም የረጅም ዓመታት እስራት ተፈረደባቸው። ከሳንቲሞቹ በእጅ የገቡት ግን ጥቂቶች ነበሩ። በተገኙት ላይ የዌሴክሱ ንጉሥ አልፍሬድና የመርሲያው ንጉሥ ቼዎልውልፍ ጎን ለጎን ተቀርጸው በመታየታቸው ስለ ሁለቱ መንግሥታት ወዳጅነት አዲስ ማስረጃ ተገኘ። ከቀሩት ሳንቲሞች ምን ሊነበብ ይችል እንደነበር ዛሬ የሚያውቅ የለም። ባለመሬቱም ከጠፉት ሳንቲሞች የሚገባውን ድርሻ አጣ።

ከእነዚህ ምሳሌዎች የምንረዳው፣ ዕቃው ገንዘብ ቢያወጣም ዕውቀቱ ያለው ዕቃው ባረፈበት ቦታ፣ በጥልቀቱና በጎረቤቱ ባለው ነገር መሆኑን ነው። እርግጥ ነው፣ በሚታረሰው አፈር ውስጥ ያለ ዕቃ አስቀድሞ በማረሻ ከቦታው የተነቃነቀ ነው፤ ማዳበሪያውም ይበላዋል። ስለዚህ ከዚያ አፈር ወጥቶ ቦታው በትክክል የተመዘገበ ዕቃ ለታሪክ ትርፍ ነው። ከማረሻ ጥልቀት በታች ያለው፣ ታርሶም በማያውቅ የግጦሽ መሬት ውስጥ ያረፈው ግን እንደተቀመጠ ያለ መዝገብ ነው፤ አንዴ ከተገለበጠ ወደ ቦታው አይመለስም።

እንግዲህ የፍለጋ ቀን የሚፈቅድ ባለመሬት አንድን ቀን ይሽጥ እንጂ መዝገቡን አይሽጥ። ለዚህም የሚረዳው የጽሑፍ ውል ነው። ውሉ የትኛው ማሳ እንደተፈቀደ፣ ከሚታረሰው አፈር በታች እንደማይቈፈር፣ ክምችት ሲገጥም ሥራው ቆሞ ባለሙያ እንደሚጠራ፣ የተገኘው ሁሉ እንደሚመዘገብ፣ በሕጉ የማይሸፈነው ዕቃም የማን እንደሚሆን ለይቶ ይወስን። የፈላጊው ቍጥርም መዝጋቢው ሊከታተለው ከሚችለው አይብለጥ። በእንግሊዝና በዌልስ በሥራ ላይ ያለው የመልካም ፍለጋ መመሪያ ከእነዚህ ብዙዎቹን ይመክራል፤ ነገር ግን ምክር ነው እንጂ ትእዛዝ አይደለም። ምክሩን ትእዛዝ ሊያደርገው የሚችለው በማሳው በር ላይ የቆመው ገበሬ ነው።

ይህ ልማድ ወደ አገራችን ይምጣ ማለቴ አይደለም። በሕገ መንግሥታችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ በ2000 የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅም ቅርስን ያለ ፈቃድ መፈለግን ይከለክላል፣ በአጋጣሚ ያገኘውም ሰው እንዲያስታውቅ ያዛል። ነገር ግን በአክሱም ዙሪያ ዝናብ አፈሩን ባጠበ ቍጥር የጥንት ነገሥታቱን ሳንቲም የሚያነሣው ገበሬና እረኛ ነው። የእንግሊዙ ሕግ ካከናወናቸው ሥራዎች ትልቁ፣ እውነቱን የተናገረ ሰው ከሸሸገው ይልቅ እንዲጠቀም ማድረጉ ነው። የእኛም ገበሬ ያገኘውን ይዞ ሲመጣ ሥራ ፈትቶ የሚመላለስና በጥርጣሬ የሚታይ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ጊዜ መንገዱ ወደ ነጋዴው ይሆናል። ሲመጣ በክብር መቀበል፣ ያገኘበትን ቦታ አብሮ ሄዶ መመዝገብ፣ ለድካሙም የሚገባውን ማስገኘት የእኛ የባለሙያዎቹ ድርሻ ነው።