ስለ ብረት ማቅለጫ ቤትና ስለ ማፍሰሻው መኪና ሠራተኛ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ)



በዚህ በደስታችን ቀን ስለ አንድ ሙያ እንድንናገር ሲፈቀድልን፣ ብዙ ሰው ስለ ሕክምና ወይም ስለ ሕግ የምንናገር መስሎት እንደ ነበረ እናውቃለን። እኛ ግን የመረጥነው የብረት ማቅለጫ ቤት ሥራን፣ በተለይም የቀለጠውን ብረት ወደ ቅርጽ ማውጫ የሚጨምረውን መኪና የሚያንቀሳቅሰውን ሠራተኛ ነው። ምክንያቱን አንደብቅም። ከመካከላችን ሦስቱ ከዚህ ትምህርት ቤት ሲወጡ ይህንኑ ሙያ ለመማር ቆርጠዋል፤ አንደኛዋም ሴት ልጅ ናት። የሁለቱ ቤተ ሰቦች እስከ ዛሬ እሺ አላሉም። ወላጆቻቸው አሁን በዚህ አዳራሽ ተቀምጠው ያዳምጡናልና፣ ንግግራችን ከሁሉ ይልቅ ለእነርሱ ነው።

ብረት ስንል አሉሚኒየሙንም፣ ዚንኩንም፣ ነሐሱንም ጠቅልለን መሆኑን የኬሚስትሪ መምህራችን ይቅር ይበሉን።

ሥራው ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በአማርኛ ክፍላችን ቅኔ ስንፈታ ስንት ጊዜ «ሰሙ ይህ ነው፤ ወርቁ ይህ ነው» ብለናል! ይህ አነጋገር የመጣው ግን ከአንጥረኛው ቤት ነው። አንጥረኛው መስቀል ሊሠራ ሲያስብ በመጀመሪያ መልኩን በሰም ይቀርጻል፤ ሰሙን በጭቃ ይሸፍነዋል፤ ጭቃው ከደረቀ በኋላ በእሳት ያሞቀዋል። ያን ጊዜ ሰሙ ቀልጦ በተተወለት ቀዳዳ ይወጣል፤ በባዶው ስፍራም ወርቁ ወይም ነሐሱ ይፈስሳል። ሲበርድ ጭቃው ይሰበርና መስቀሉ ይወጣል። ቅኔውን ይህን ያህል ያከበርን ሰዎች፣ ቅኔው ስሙን የተዋሰበትን ባለ ሙያ ጠይብና ቡዳ እያልን ከማዕዳችን ማራቃችን እጅግ የሚያስደንቅ ነገር ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው፣ ስድቡ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበረ ያስረዳል።

ከዚያም በፊት በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን፣ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት፣ ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍ በ1859 ዓ.ም. ፈሰሰ። ሥራውን የመሩት ወንጌል ለማስተማር የመጡ ሚስዮናውያን ነበሩ፤ አብዛኞቹም በስዊስ አገር በባዝል ከተማ አጠገብ ካለው ከክሪሾና የተላኩ ባለ እጅ ሰዎች ናቸው። ንጉሡ ከስብከታቸው ይልቅ እጃቸውን ፈለጉ። እኛ በሚስዮን ትምህርት ቤት ያደግን ልጆች ይህን ስናነብ ፈገግ ማለታችን አልቀረም። መድፉ ወደ 7 ቶን ይመዝናል፤ መንገድ እየተጠረገለት በሰው ጉልበት ተጎትቶ መቅደላ ደረሰ፤ ከ1860ው ጦርነት በኋላም እዚያው ቀረ። አምሳያውን በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ አብዛኞቻችሁ አይታችሁታል።

አሁን ወደ ዘመናችን እንምጣ። ባለፈው ጥር ወር ከሳይንስ መምህራችን ጋር ወደ አንድ ማቅለጫ ቤት ሄደን ከጧት እስከ ማታ ዋልን። በግቢው በመጀመሪያ ያየነው የውዳቂ ክምር ነው፤ ቀዳዳ ድስት፣ የተሰበረ የሞተር ክዳን፣ የመስኮት ፍሬም። ቁራሌው በየሰፈሩ እየጮኸ የሚሰበስበው ዕቃ የት እንደሚገባ ለብዙዎቻችን የተገለጠልን ያን ቀን ነው።

መኪናውን የሚያንቀሳቅሱት ሰው በዚህ ሥራ 22 ዓመት የቆዩ ናቸው፤ እኛም ጋሼ እያልን እግር በእግር ተከተልናቸው። መኪናው ሁለት ወፍራም የብረት ገጾች አሉት፤ ሲገጥሙ በመካከላቸው ሊሠራ የታሰበው ዕቃ ባዶ ቅርጽ ይቀራል። በዘይት ግፊት የሚሠራ ኀይል እነዚህን ገጾች በመቶ በሚቈጠር ቶን ይጨምቃቸዋል። ጋሼ ከእቶኑ በጭልፋ ቀድተው በመኪናው ጐን ባለው ቀዳዳ ይጨምራሉ፤ ፒስተኑ ይገፋዋል፤ የቀለጠውም አሉሚኒየም ዓይን ከመርገብገቡ በፊት ባዶውን ቅርጽ ይሞላዋል። ጥቂት ይቈያል፤ ገጾቹ ይከፈታሉ፤ ትንንሽ ዘንጎች ዕቃውን ከኋላ ገፍተው ያወጡታል። ቀጥሎ ገጾቹ ላይ እንዳይጣበቅ የሚያደርግ ፈሳሽ ይረጫል፤ እንደ ገና ይዘጋል። ይህ ቀኑን ሙሉ ይደጋገማል።

ሲነገር ቀላል ይመስላል። እኛም መጀመሪያ «ይህ እኮ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው» ብለን በሹክሹክታ ተነጋግረን ነበር። ጋሼ ግን አንዱን ዕቃ ገና ሳይበርድ በመቈንጠጫ አንሥተው ወደ ብርሃን አዞሩና «ይኸው፣ አልተዋሐደም» አሉን። ቀርበን ስናይ እንደ ፀጉር የቀጠነች መስመር አለች። የብረቱ ገጽ ከሚገባው በላይ በርዶ ኖሮ፣ ከሁለት ወገን የመጣው ፈሳሽ ተገናኝቶ ሳይዋሐድ ቀርቷል። ዕቃው ለዓይን ጤነኛ ነው፤ ኀይል ሲያርፍበት ግን በዚያች መስመር ይሰነጠቃል። ገጹ ከመጠን በላይ ቢግልም ዕቃው ይጣበቃል። ይህን በዓይን፣ በድምፅና በጊዜ ቈጠራ መለየት ነው ሙያው። እኛ አሥራ ስምንት ሆነን አንዳችንም መስመሯን አላየናትም።

የተማርነው ፊዚክስ ሁሉ እዚያ ነበረ። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ ንጹሕ ብረት ግን እስከ 1,538 ይፈልጋል። ዚንክ በ420 ስለሚቀልጥ ለእርሱ የሚሆነው መኪና ፓምፑ በቀለጠው ዚንክ ውስጥ እንደ ተነከረ ይሠራል፤ አሉሚኒየም ግን የፓምፑን ብረት እየበላ ስለሚያበላሸው በጭልፋ እየተቀዳ መጨመር አለበት። ሲበርድ ሁሉም ይኰማተራልና፣ 100 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ላለው የብረት ዕቃ ቅርጽ ማውጫው ወደ 101 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ይሠራል። ቀልጦ በመኪና የሚፈስሰው ሥራ ቀድሞ የተስፋፋውም ለማተሚያ ፊደል ነበረ፤ እ.ኤ.አ. በ1886 ሥራ ላይ የዋለው የኦትማር መርገንታለር ሊኖታይፕ፣ የእርሳስ፣ የቆርቆሮና የአንቲሞኒ ድብልቅ እያቀለጠ የአንድ ሙሉ መስመር ፊደል ባንድ ጊዜ ያወጣ ነበር። አያቶቻችን ያነበቡት ብዙ ጋዜጣ የማቅለጫ ቤት ልጅ ነው ማለት ነው።

ስለ አደጋው ዝም ብንል ወላጆቻችንን ማታለል ይሆንብናል። የቀለጠ አሉሚኒየም እንደ ፍም አይቀላም፤ በቀን ብርሃን እንደ መስተዋት ነጥቶ ያበራል፤ ስለዚህ ያላወቀ ሰው የበረደ ይመስለዋል። ከሁሉ የሚፈራው ግን ውኃ ነው። ውኃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ 1,700 እጥፍ ያህል ይሰፋልና፣ ዝናብ ያገኘው ድስት እንዲሁ ወደ እቶኑ ቢጣል የቀለጠው ብረት ፈንድቶ ይረጫል። በዚህ ምክንያት ውዳቂው ሁሉ አስቀድሞ በእቶኑ አፍ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። የዚንክ ጢስ የሳበ ሰው ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጠዋል፤ በአሸዋ ቅርጽ ማውጫ የሚሠራም የአሸዋውን ብናኝ ዘመኑን ሁሉ ቢተነፍስ ሳንባው ይጎዳል።

መኪናው የሚዘጋው ሁለት ቁልፎች በሁለት እጅ ባንድ ጊዜ ሲጫኑ ብቻ ነው። ለምን እንደ ሆነ ስንጠይቅ ጋሼ «ሁለቱም እጆችህ ቁልፉ ላይ ካሉ፣ መኪናው ውስጥ የቀረ እጅ የለህም» አሉን። ቀድሞ በሠሩበት በሌላ ስፍራ፣ ሥራው እንዲፈጥን ተብሎ አንዱ ቁልፍ በሽቦ ታስሮ ስለ ነበረ፣ ጓደኛቸው ሦስት ጣቶቹን አጥቷል። ይህን ሲነግሩን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ እኛም ሌላ አልጠየቅናቸውም። እኛ የምናምነው ያንን ጣት የቈረጠው መኪናው ሳይሆን ሽቦውን እንዲታሰር ያዘዘው ጥድፊያ መሆኑን ነው። እንግዲህ ወላጅ ሊጠይቅ የሚገባው ትክክለኛ ጥያቄ «ልጄ እሳት አጠገብ ትቆማለችን?» የሚለው ብቻ አይደለም፤ «በምትቆምበት ቤት ቁልፉን የሚያስር አለን? ጓንቱ፣ የፊት መከለያው፣ የቆዳ ሽርጡ በእርግጥ ይሰጣልን?» የሚለውም ጭምር ነው።

የጓደኛችን እናት «ፊቷ በእሳት ጠቁሮ ማን ያገባታል?» ማለታቸውን ሰምተናል። እማማ፣ አክብረንዎ እንመልሳለን፤ የጋሼ ፊት ከ22 ዓመት በኋላ ከእኛ የስፖርት መምህር ፊት የጠቆረ አይደለም (መምህራችንም ስለ ሳቁልን እናመሰግናለን)። ስለ ጋብቻው ግን ቃል ልንሰጥዎ አንችልም። አባቷ ደግሞ «12 ዓመት ያስተማርኋት ለቀጥቃጭነት አይደለም» ብለዋል። አባባ፣ ያቺን ቀጭን መስመር ለማየት፣ ሙቀቱን ለመለካትና ለምን እንደ ተበላሸ ጽፎ ለማስረዳት 12ቱ ዓመት ሳይተርፍ የሚያስፈልግ ነው። ጋሼ ራሳቸው ትምህርታቸውን 8ኛ ክፍል ላይ ስላቋረጡ የመኪናውን መጽሐፍ የሚያነብላቸው ሰው እስከ ዛሬ ይፈልጋሉ፤ ያን ቀንም ሁለት ገጽ ያነበበችላቸው ይህችው ልጅዎ ናት።

የማቅለጫው ቤት ባለቤት ወላጆች በሚመጣው ቅዳሜ ጧት በ3 ሰዓት መጥተው እንዲያዩ ፈቅደዋል። ጫማችሁ የተሸፈነ ይሁን፤ ናይለን ልብስ አትልበሱ፤ እናቶችም ነጠላችሁን በበሩ አጠገብ ለእኛ ትሰጡናላችሁ። ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ከ2 ሰዓት ተኩል ጀምረን እንጠብቃችኋለን።