መኪና የመለሰልን ሰዓት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



የመረጥነው ርእስ ሥልጣኔና የመኪና ሥራ በዕለት ኑሯችን ላይ ያመጡት ለውጥ ነው። አንዳንዱ ሰው ሥልጣኔ ማለት ፎቅ ቤት፣ የአስፋልት መንገድና የሚያብረቀርቅ ዕቃ ይመስለዋል። አንዳንዱ ደግሞ የአባቶችን ልማድ የሚያጠፋ ክፉ ነገር ነው ብሎ ይሸሸዋል። እኛ ግን ነገሩን ከገዛ ቤታችን ጓዳ ጀምረን ብንመረምረው ይሻላል ብለን ተስማማን። ከጓዳ ስንጀምር አንድ ነገር ይገለጥልናል፤ ይኸውም መኪና ለሰው የሚሰጠው ትልቁ ስጦታ ሰዓት መሆኑ ነው። እንግዲህ ዛሬ የምንጠይቀው ጥያቄ ይህ ነው፤ መኪና የመለሰልንን ሰዓት ማን ወሰደው?

አስቀድመን ወፍጮን እንመልከት። የባላገር እናት ዶሮ ሳይጮኽ ተነሥታ፣ በወፍጮው ላይ ጎንበስ ብላ፣ እህሉ እስኪልም ድረስ መጁን ስትገፋና ስትመልስ ታድር ነበር። ክንዷ ይዝላል፤ ወገቧ ይቈረጣል፤ በጀርባዋ የታዘለው ሕፃን ያንቀላፋል። ድካሟን የምታስረሳት እንጉርጉሮዋ ብቻ ነበረች። ወፍጮ የቤት ሕይወት መሆኑን መጽሐፍ ቅዱስም ይመሰክራል፤ ኦሪት ዘዳግም በ24ኛው ምዕራፍ ወፍጮንና መጅን የብድር መያዣ አድርጎ መውሰድን ይከለክላል። ወፍጮው የተወሰደበት ቤት እንጀራው ተወስዶበታልና።

ከዚያ በኋላ በናፍጣ፣ መብራት ባለበትም ስፍራ በኤሌክትሪክ የሚሠራው የወፍጮ መኪና መጣ። ሁለት ክብ ድንጋዮች ፊት ለፊት ተገጥመው አንዱ ሲሽከረከር እህሉ በመካከላቸው ይደቅቃል። ሌሊት ይፈጅ የነበረው ሥራ በጥቂት ደቂቃ አለቀ። የእጅ ወፍጮ ከአገራችን ጨርሶ ጠፍቷል አንልም፤ ወፍጮ ቤት በራቀበት ቀበሌ ዛሬም ይፈጭበታል። የድሮውን ወፍጮ አመስግኖ መኪናውን የሚነቅፍ ሰው ቢኖር ግን፣ አንድ ሌሊት ብቻ መጁን ይዞ ይፍጭና ነገ እንነጋገር እንለዋለን።

ነገር ግን የተረፈው ሰዓት ወዴት ሄደ? እናቲቱ እንዳላረፈች እናውቃለን፤ ሰዓቱን እንጨት ለቀማውና ውሃ መቅዳቱ ተሻሙት። ከዚህም በላይ ከባዱን መጅ መግፋት ለትንሽ ልጅ አይቻላትም ነበር፤ እህል በአህያ ጭኖ ወፍጮ ቤት ደጅ ተራ መጠበቅ ግን ይቻላታል። ስለዚህ መኪናው ለእናቲቱ የመለሰው ሰዓት በብዙ ቤት ከልጅቱ የትምህርት ሰዓት ላይ ተቈረጠ። በታናናሽ ክፍሎች አብረውን ተቀምጠው ፊደል ከቈጠሩት ልጃገረዶች ስንቶቹ ዛሬ ከእኛ ጋር እዚህ እንዳልቆሙ ሁላችንም እናውቃለን። ከእኛ ያነሰ አእምሮ ስለ ነበራቸው አይደለም የቀሩት፤ ሰዓት ስላጡ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌያችን ውሃ ነው። እናቶቻችን ውሃ የሚቀዱት በእንስራ ነበር። እንስራ ባዶውንም ቢሆን ይከብዳል፤ ከወደቀም ይሰበራል፤ ስለዚህ ለሕፃን አይታመንም ነበር። የፕላስቲክ ጀሪካን በመጣ ጊዜ ሁሉም ደስ አለው፤ ቀላል ነው፤ ቢወድቅም አይሰበርም። ሃያ ሊትር የሚይዘው ሲሞላ ሃያ ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ አምስት ሊትር የሚይዘው ትንሹ ግን ለሰባት ዓመት ልጅ ይበቃል ተባለ። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ዕቃው ቀለለ፤ ሸክሙ ግን ከትልቁ ትከሻ ወደ ትንሹ ወረደ። ጥፋቱ የጀሪካኑ አይደለም፤ ማን ይሸከመው ብለን የወሰንነው እኛው ነን።

ሦስተኛው ስልክ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1894 ዓ.ም.፣ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሚሆን የስልክ መሥመር መዘርጋት ተጀመረ። ያን ጊዜ ስልክ የመንግሥት ሥራ መሣሪያ ነበር። በ1999፣ አሁንም በፈረንጆች አቈጣጠር፣ ተንቀሳቃሽ ስልክ በአዲስ አበባ ሥራ ጀመረ፤ ዛሬ በገበሬው ኪስና በጉልት ነጋዴዋ መቀነት ውስጥ ይገኛል። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራው በቴሌብር ደግሞ ገንዘብ ከከተማ ወደ ገጠር በቅጽበት ይደርሳል። ልጅዋ የላከላትን ጥቂት ብር ለመቀበል ቀኑን ሙሉ ተጕዛ ባንክ ደጅ ተሰልፋ ትውል የነበረች እናት፣ ዛሬ ያን ቀን ለራሷ ታውለዋለች። ይህ ትልቅ በረከት ነው።

ሆኖም ስልክ ከወፍጮ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። ወፍጮ ሥራውን ሲጨርስ ይቆማል፤ ስልክ ግን ጨርሻለሁ አይልም። በውስጡ የሚታየው ሥዕልና ወሬ ማለቂያ እንዳይኖረው ሆኖ የተሠራ ነው። ይህን የሚያቀርቡት ታላላቅ ኩባንያዎች የሚበለጽጉት በማስታወቂያ ስለ ሆነ፣ ዐይናችን በቈየ መጠን ገቢያቸው ይጨምራል። ስለዚህ በአንድ እጁ የመለሰልንን ሰዓት በሌላው እጁ ይወስደዋል። ቡናው ተፈልቶ አቦል ሲቀዳ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ብልጭልጩን ያያል፤ ቶናውም በረካውም እንዲሁ ያልፋል። ጎረቤት የጎረቤቱን ኀዘንና ደስታ የሚሰማበት፣ ታናሽ ከታላቅ ምክር የሚቀበልበት ያ ሰዓት እንዲህ ሆኖ ሲባክን፣ ሌባው በር ሳይሰብር ገብቷል ማለት ነው።

ወደፊትም የሚመጣ አለ። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የማመንጨት ዐቅሙም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ይሁን እንጂ መብራት ገና ያልደረሳቸው ብዙ ሚሊዮን ወገኖች አሉን። መብራት ወደ አንድ ቤት ሲገባ የኤሌክትሪክ ምጣድም ይከተላል፤ ያን ጊዜ እንጨት ለቀማው ይቀራል፤ የምድጃው ጢስ ከእናቶቻችን ዐይን ይወርዳል። ደግሞም አንድ ትልቅ ሰዓት ይተርፋል። ያ ሰዓት የማን እንደሚሆን አምፖሉ ከመብራቱ በፊት ብንወስን መልካም ነው፤ ያልተወሰነለትን ሰዓት ቀድሞ የደረሰ ሁሉ ይወስደዋልና።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንለምናለን። ውድ ወላጆቻችን፤ በመኪና ከተረፈው ሰዓት ውስጥ የሴት ልጃችሁን ድርሻ ለይታችሁ ስጧት፤ ሌላ ሥራ አትሙሉበት። ወንድሞቻችን ወንዶች ተማሪዎች ሆይ፤ ጀሪካን ማንሣትና ወፍጮ ቤት መሄድ ለእኅቶቻችን ብቻ የተጻፈ ሕግ አይደለም። ሥራው ለሁለት ቢከፈል እርሷም ታጠናለች፤ እኛም አንጐዳም። ሁላችንም ደግሞ ቢያንስ ቡናው እስኪያልቅ ስልካችንን እናስቀምጥ። የሦስት ስኒ ጊዜ ለሰው ብንሰጥ የሚቀርብን ነገር የለም።

እኛ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከዚህ ግቢ እንወጣለን። ከእኛ አንዳንዱ መሐንዲስ ሆኖ መኪና ይሠራ ይሆናል፤ አንዳንዱ ነግዶ መኪና ያስመጣ ይሆናል፤ የቀረነው ግን ሁላችን እንገለገልበታለን። በሥልጣኔ ወደ ኋላ መቅረትን አንፈልግም፤ ነገር ግን የሠለጠነ ሕዝብ የሚባለው መኪናው የመለሰለትን ሰዓት በቤተሰቡ መካከል በፍትሕ የሚያካፍል ነው ብለን እናምናለን።

እግዚአብሔር አገራችንን ኢትዮጵያንና ትምህርት ቤታችንን ይባርክ።