የሰንጋው ዘፈንና የመጽሐፉ ገጽ



ጁባ ውስጥ አንድ ወጣት ገጣሚ «ግጥሜን የት ላሳትም?» ብሎ ቢጠይቅ፣ አስቀድሞ መልስ የሚያሻው ሌላ ጥያቄ አለ፤ ግጥሙ የተሠራው ለጆሮ ነው ወይስ ለዓይን? የኅትመቱን መንገድ ከገጣሚው ፍላጎት ይልቅ የግጥሙ ቅርጽ ይወስነዋል። ለዚህም የደቡብ ሱዳኑ የዲንካ ሕዝብ የሰንጋ ዘፈን ጥሩ ማስረጃ ነው።

የዲንካ ጎረምሳ ለአቅመ አዳም የሚያበቃውን ሥርዓት ሲፈጽም ሰንጋ ይሰጠዋል፤ በሰንጋውም ቀለም ስም ይወጣለታል። ነጩ ማቢዮር፣ ቀዩ ማሉዋል፣ ጥቁርና ነጭ የሆነው ማጆክ ይባላል። ምኒልክን «አባ ዳኘው» ያሰኘውን የፈረስ ስም ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። የደቡብ ሱዳኑ የነጻነት ታጋይ የጆን ጋራንግ የቤተሰብ ስም ማቢዮርም ከዚሁ የቀለም መዝገብ የወጣ ነው። ዘፋኙ ታዲያ ሰንጋውን «ነጭ ነው» ብሎ አያልፍም። ያን ቀለም የያዘ ወፍ ወይም አውሬ ፈልጎ በእሱ ይጠራዋል፤ አድማጩ ከምሳሌው ተነሥቶ ቀለሙ ላይ ይደርሳል። በሰምና ወርቅ ያደገ ጆሮ እዚህም አገሩን ያገኛል።

ዘፈኑን የሚገጥመው ግን ሁልጊዜ ባለቤቱ አይደለም። መግጠም የማይሆንለት ሰው ወደ ታወቀ ገጣሚ ሄዶ የዘሩን ታሪክ፣ የሰንጋውን መልክና በሆዱ የያዘውን ቅሬታ ይነግረዋል። ገጣሚው ያዘጋጅለታል፣ ባለጉዳዩ ያጠናዋል፤ ከዚያ ወዲያ ዘፈኑ የእሱ ነው። ጭፈራው ላይ እንደ ቀንድ በተቆለመሙ ክንዶች ታጅቦ ሲዘፈን ታተመ ማለት ነው፤ ሕዝብ ሰምቶታልና።

የዲንካው ምሁር ፍራንሲስ ማዲንግ ዴንግ እነዚህን ዘፈኖች ሰብስቦ በ1973 እ.ኤ.አ. በኦክስፎርድ አሳተመ። የሰንጋ ዘፈን፣ የጦርነት ዘፈን፣ የሴቶች ዘፈን፣ መዝሙር፣ የልጆች ጨዋታ፣ የትምህርት ቤት ዘፈን ሳይቀር በየወገኑ ተለይቶ ቀርቦበታል። ትምህርት ቤት ሲመጣ አብሮት አዲስ የዘፈን ዓይነት መወለዱን ብቻ ማየት ለቅርጽ ተማሪ ብዙ ያስተምራል። መጽሐፉ ቃሉን ይዞልናል። ዜማውንና የሰንጋውን ደወል ግን የትኛውም ማተሚያ ቤት ሊይዝ አይችልም።

የአማርኛ ግጥም በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው። የወል ቤት ስድስት ስድስት፣ ሰንጎ መገን አምስት አምስት፣ ቡሄ በሉ አራት አራት ቀለም ስለሚቆጥሩ፣ ልኩ ወረቀት ላይ በዓይን ይታያል። ቅኔው ግን ሌላ ነው። ባለ ሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃናም ሆነ ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ በየዕለቱ አዲስ ሊዘረፍ ይገባል፤ የትናንቱን መድገም ለባለ ቅኔ ነውር ነው። ስንት ድንቅ ቅኔ በዚህ ምክንያት በተባለበት ቀን ቀርቷል!

ወረቀት ደግሞ ፊደል ይፈልጋል። ከጁባ ብዙም በማይርቀው ረጃፍ በ1928 እ.ኤ.አ. የተሰበሰበው የቋንቋ ጉባኤ ባሪን፣ ዲንካን፣ ኑዌርን፣ ሺሉክንና ዛንዴን ጨምሮ የተወሰኑ ቋንቋዎችን ለትምህርት ቤት መርጦ ነበር። በአንድ ስብሰባ የማን ግጥም ቶሎ መጽሐፍ ሊሆን እንደሚችል በከፊል ተወሰነ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ደቡብ ሱዳናዊው ገጣሚ ታባን ሎ ሊዮንግ የሄደው ከሰንጋ ዘፈኑ በተቃራኒው መንገድ ነው። በ1965 እ.ኤ.አ. ምሥራቅ አፍሪካ የሥነ ጽሑፍ ምድረ በዳ ናት ብሎ ብዙዎችን አስቆጣ፤ በ1968 እ.ኤ.አ. ከንጉጊ ዋ ቲዮንጎና ከኦውር አንዩምባ ጋር ሆኖ በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ክፍል እንዲዘጋ ጠየቀ። ቤት መምታት አይወድም፤ ከስድ ንባብ ጋር የሚዋሰን፣ ለገጽ የተጻፈ ግጥሙ በ1971 እ.ኤ.አ. ለንደን ታተመ። በኋላም በጁባ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል። የሌላው ገጣሚ የሲር አናይ ኬሉልጃንግ መድበልም በ1985 እ.ኤ.አ. የወጣው ለንደን ነው። ሰፊ ስም ያገኘው የደቡብ ሱዳን ግጥም ባሕር ማዶ መታተሙ የሚያስቆጭ ነው።

ዛሬ መድረኩ ተመልሷል። በ2016 እ.ኤ.አ. የተጀመረው አናታባን የተባለ የደቡብ ሱዳን ከያንያን ስብስብ የመንገድ ቲያትርን፣ የግድግዳ ሥዕልን፣ ሙዚቃንና ግጥምን አጣምሮ ለሰላም ይሠራል። አዲስ አበባ ውስጥ በራስ ሆቴል ግጥም ከጃዝ ጋር ሲቀርብ ይከታተል ለነበረው ታዳሚ ይህ መንገድ እንግዳ አይሆንበትም። የአዲስ አበባ ገጣሚ ብዙ ጊዜ ለማተሚያ ቤት ከኪሱ ከፍሎ፣ መጽሐፉን ራሱ ለመደብርና ለአዟሪ ያድላል። የጁባው ወጣት ወደዚያ ዕዳ ከመግባቱ በፊት ለውጭ መጽሔቶች ጥቂት ግጥሞች ቢልክ ይሻለዋል። ብዙዎቹ በአንድ ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ግጥም ይቀበላሉ፤ ያልታተመ እንዲሆንም ይጠይቃሉ። ፌስቡክ ላይ የተለጠፈ ግጥም ብዙ ጊዜ እንደታተመ ይቆጠራል፤ መድረክ ላይ ብቻ የተነበበው ግን አብዛኛውን ጊዜ አይቆጠርም። ለጁባ ገጣሚ ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ መቶ ጊዜ አንብቦትም አዲስ ብሎ ሊልከው ይችላል።

በትእዛዝ የተገጠመው የሰንጋ ዘፈን ግን ውል ላይ ያስቸግራል። አሳታሚው የአንድ ደራሲ ስም ይጠይቃል፤ ዘፈኑ ደግሞ ገጣሚም ባለቤትም አለው። ሁለቱም ስሞች ይጻፉ፤ ክፍያ ከመጣም አስቀድመው ይስማሙበት።