ዕቃው ከዕቃው እንዲገጥም
(ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች ከተደረገ ንግግር)



ልጆቻችሁ ከክፍል ጓደኞቻቸው ጋር የሚጫወቱበት ኮምፒዩተር መጠየቃቸው አይቀርም። «ክፍሎቹን ለየብቻ ገዝተን እንግጠመው» ይሏችኋል። ነገሩ ይቻላል፤ ማስተዋልን ግን ይፈልጋል። አገር ቤት ያረሰ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሞፈሩ ከቀንበሩ ካልገጠመ በሬ ቢጠመድም እርሻ የለም። ኮምፒዩተርም እንዲሁ ነው።

እኔም ለልጄ ስገዛ አንዱን ዕቃ ከአንድ ሱቅ፣ ሌላውን ከሌላ ሰበሰብኩ። ቤት ስንደርስ ሜሞሪው ቦርዱ ላይ አልገባም አለ። የገዛሁት ዲዲአር 4 የሚባለውን ሲሆን፣ ቦርዱ የሚቀበለው ዲዲአር 5 ብቻ ነበር። ማሸጊያውን ቀደን ስለ ነበር ሻጩ አልመልስም አለ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው በእኔ ደረሰ። እናንተ ላይ እንዳይደርስ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ፕሮሰሰሩንና ማዘርቦርዱን አብራችሁ ምረጡ። ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ቦታ ሶኬት ይባላል፤ ስሙ በሁለቱም ላይ አንድ መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የኤኤምዲ ኤኤም 5 ሶኬት የኢንቴልን ፕሮሰሰር አይቀበልም። ማቀዝቀዣውንም ጠይቁ፤ ራይዘን 5 7600 ከነማቀዝቀዣው ይሸጣል፣ 7600ኤክስ ግን ያለ ማቀዝቀዣ ነው።

ሁለተኛ፣ ሜሞሪውን ቦርዱ በሚያዘው መሠረት ግዙ። ኤኤም 5 ዲዲአር 5 ብቻ ይፈልጋል። የኢንቴል ኤልጂኤ 1700 ቦርዶች ግን አንዳንዶቹ ዲዲአር 4፣ ሌሎቹ ዲዲአር 5 ናቸው።

ሦስተኛ፣ ለጨዋታ ዋናው ዕቃ ግራፊክስ ካርዱ ነው። ገንዘባችሁን ከሁሉ ይልቅ እዚህ ላይ አውሉት። የፓወር ሳፕላዩ ጉልበትም ይበቃው እንደሆነ ተመልከቱ። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 4060 ካርድ ራሱ 115 ዋት ይወስዳል፤ ፋብሪካው ግን ለመላው ኮምፒዩተር 550 ዋት ፓወር ሳፕላይ ይመክራል።

አራተኛ፣ ሳጥኑን ለኩ። ኤቲኤክስ የሚባለው ቦርድ 305 በ244 ሚሊ ሜትር፣ ማይክሮ ኤቲኤክስ 244 በ244 ነው። የካርዱ ርዝመትና የማቀዝቀዣው ቁመት በሳጥኑ ወረቀት ላይ ከተጻፈው ልክ እንዳይበልጥ።

አሁን ስለ መብታችሁ። በስልክ ወይም በኢንተርኔት የገዛ ሰው ዕቃው ከደረሰው በኋላ በ14 ቀን ውስጥ ግዢውን ሊሰርዝ ይችላል። የኦሌ ምስክር ወረቀት ካገኛችሁ 5 ዓመት ካልሞላ፣ ከሻጩም ጋር በቃል ወይም በጽሑፍ ተነጋግራችሁ ከሆነ፣ ጊዜው እስከ 4 ወር ይደርሳል። ስለዚህ ሐሽቦኒት የሚባለውን ደረሰኝ አትጣሉ፤ ሁሉም ዕቃ ተሟልቶ በዝርዝሩ ሳይመሳከር ማሸጊያ አትቅደዱ።

በመጨረሻ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ልጃችሁ የዕቃዎቹን ስምና ዋጋ በአንድ ወረቀት ይጻፍ። እያንዳንዱ ከየትኛው ጋር እንደሚገጥም አንድ በአንድ ያስረዳችሁ። ያላስረዳችሁን ዕቃ አትግዙ። ዕብራይስጡን ከእናንተ ይልቅ እርሱ ያውቅ ይሆናል፤ አያሳፍርም፣ ያስተርጉም። ሸቀሉ የሚወጣው ግን ከእናንተ ኪስ ነውና፣ ወረቀቱን እናንተ ያዙ፤ የመጨረሻውንም ቃል እናንተ ተናገሩ።